የደንበኞችን ፍላሽ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ መክፈት ዋናውን ኮምፒውተር ከቫይረስ ይጠብቃል ወይ?

ጠያቂ፦ ኅትመት ቤት

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን ከተማ የኮምፒውተር ጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የኅትመት አገልግሎት እሰጣለሁ። ደንበኞቼ በአብዛኛው የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያሳትሙ ተማሪዎች፣ የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጁ ነጋዴዎች፣ እንዲሁም የሥራ ማመልከቻና የትምህርት ማስረጃ የሚያባዙ ሰዎች ናቸው። ሰነዳቸውን የሚያመጡልኝ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ሲሆን ከፍላሾቹ ብዙዎቹ ቫይረስ አለባቸው። በብዛት የማየው ፍላሹ ሲከፈት የደንበኛው ፎልደሮች በሙሉ ጠፍተው የፍላሹን ስም የያዘ አንድ ሾርትከት ብቻ የሚታይበትን ዓይነት ነው። አንቲቫይረሱ አንዳንዱን ይይዛል፤ አንዳንዱን ያሳልፋል፤ ቫይረሱን ሲያጠፋ የደንበኛውን ፋይል አብሮ የሚያጠፋበትም ጊዜ አለ።

የሚያሳስበኝ በዚሁ ኮምፒውተር ላይ የድርጅቴ የሒሳብ መዝገብና ደንበኞች አደራ ብለው የተዉአቸው ሰነዶች መኖራቸው ነው። ከዚያ ባላነሰ ደግሞ፣ ከአንዱ ተማሪ ፍላሽ የገባው ቫይረስ በእኔ ኮምፒውተር በኩል ወደ ሌላው ተማሪ ፍላሽ እንዲሻገር አልፈልግም። ገንዘቡን ከፍሎ የወጣ ሰው የተበከለ ፍላሽ ይዞ ሊሄድ አይገባውም።

ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ ራሱን እንደቻለ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም) ጭኜ የደንበኞችን ፍላሽ በእርሱ ውስጥ ብቻ ብከፍት ዋናው ዊንዶውስ ከቫይረስ ይጠበቃል ወይ? ኮምፒውተሬ ኮር አይ 5 ፕሮሰሰርና 8 ጊጋ ባይት ራም ያለው ሲሆን የሚሠራው በዊንዶውስ 10 ነው። ሁለተኛ ኮምፒውተር ለመግዛት አሁን አቅሙ የለኝም።

መልስ፦ ሰርቨር ጠባቂ

ጤና ይስጥልኝ። ሐሳብዎ ትክክለኛ ነው፤ ይሁን እንጂ ቨርቹዋል ማሽን መጫን በራሱ ብዙም ጥበቃ አይሰጥም። ጥበቃውን የሚወስነው በዋናው ዊንዶውስና በውስጡ ማሽን መካከል ክፍት አድርገው የሚተዉት መተላለፊያ ነው። መተላለፊያዎቹ የታወቁ ናቸው፤ የጋራ ፎልደር፣ የጋራ ክሊፕቦርድ፣ ፋይል ጎትቶ ማሻገር፣ ኔትወርክና ዩኤስቢ። እነዚህን ሁሉ ለሥራ እንዲመች ብለው ከከፈቷቸው፣ ግንቡ የቱንም ያህል ቢወፍር በሩ ያልተዘጋ መጋዘን ይዘዋል ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሃይፐርቫይዘር የሚባለው ፕሮግራም ከኮምፒውተርዎ ራምና ፕሮሰሰር ቆርሶ ለሌላ ስርዓተ ክወና (እንደ ዊንዶውስ ላለ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም) ይሰጣል፤ የዚያ ስርዓት ሃርድ ዲስክ ደግሞ በዋናው ዊንዶውስ ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ፋይል ብቻ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. ከ2005፣ ኤኤምዲ ደግሞ ከ2006 ጀምሮ ይህን መለያየት በፕሮሰሰሩ ውስጥ የሚያግዝ አሠራር አስገብተዋል፤ በመሆኑም በውስጡ ማሽን የሚሠራ ቫይረስ በተለመደው መንገድ የዋናውን ዊንዶውስ ራምም ሆነ ፋይል ማየት አይችልም። ይህ አሠራር በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ በሚነሣው ማስተካከያ) ውስጥ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ታስክ ማናጀርን ከፍተው ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ ላይ ሲፒዩን ሲመርጡ ቨርቹዋላይዜሽን ከሚለው ጎን ኢኔብልድ መባሉን ያረጋግጡ። ቨርቹዋል ማሽን የሚፈጥረውን ቨርቹዋል ቦክስ የተባለ ፕሮግራም ከጫኑ በኋላ በማሽኑ መስኮት ታችኛው የቀኝ ጥግ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ኤሊ ከታየችዎ፣ ዊንዶውስ ሃይፐር-ቪ የሚባለውን የራሱን ሃይፐርቫይዘር አስነሥቶ ቨርቹዋል ቦክስ በእርሱ ላይ ተደርቦ እየሠራ ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚጎዳው ፍጥነቱ ነው።

ለእርስዎ ሥራ የምመርጠው በውስጡ ማሽን ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊነክስ የተባለውን ስርዓተ ክወና መጫን ነው። ቀለል ያለ ገጽታ ያለው፣ ለምሳሌ ዙቡንቱ፣ 2 ጊጋ ባይት ራም ቢሰጡት ሰነድ ለመክፈት ይበቃዋል። ምክንያቴ የገለጹት የሾርትከት ቫይረስ አሠራር ነው። ቫይረሱ የደንበኛውን ፋይሎች አያጠፋም፤ ወደ አንድ ፎልደር ሰብስቦ የድብቅና የሲስተም ምልክት ይለጥፍባቸዋል፣ ከዚያም በፍላሹ ስም ሾርትከት ይፈጥራል። ሾርትከቱ ሁለት ጊዜ ሲጫን የተደበቀውን ፎልደር ይከፍታል፤ ስለዚህ ደንበኛው ፋይሎቹን አግኝቶ ሥራውን ይቀጥላል፤ በዚያው ቅጽበት ግን የቫይረሱ ፕሮግራም ይነሣል። ያንኑ ፍላሽ በሊነክስ ሲከፍቱት የዊንዶውስ የድብቅ ምልክት ስለማይከበር የተደበቀው ፎልደር እንደማንኛውም ፎልደር ይታያል። አንዳንዴም ስም የሌለው ፎልደር ያያሉ፤ ቫይረሱ የሰጠው ስም የማይታይ ባዶ ቦታ ብቻ ስለሆነ ነው። ሾርትከቱና ከጎኑ የሚገኘው የስክሪፕት ፋይል ለዊንዶውስ የተጻፉ በመሆናቸው በሊነክስ ላይ ምንም ማድረግ አይችሉም። የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሊነክስ ላይ የሚያስነሣውን ዋይን ግን በፍጹም አይጫኑበት።

ፍላሹ ሲሰካ መጀመሪያ የሚያየው ዋናው ዊንዶውስ ስለሆነ አስቀድመው አውቶፕሌይን (ፍላሽ ሲሰካ ዊንዶውስ በራሱ የሚወስደውን እርምጃ) ይዝጉ። ፍላሹን ከሰኩ በኋላ በፋይል ኤክስፕሎረር ሳይከፍቱት፣ በቨርቹዋል ቦክስ መስኮት ዲቫይስስ ከሚለው ዝርዝር ዩኤስቢን መርጠው የፍላሹን ስም ይጫኑ፤ ያን ጊዜ ከዋናው ዊንዶውስ ተነቅሎ ወደ ውስጡ ማሽን ይገባል። ሳይከፍቱት ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የተገኘው ስታክስኔት የተባለ ቫይረስ የተጠቀመበት የዊንዶውስ ክፍተት፣ የሾርትከቱ ምስል በመስኮቱ ላይ መታየቱ ብቻ ቫይረሱን የሚያስነሣ ነበር። ለዚያ ክፍተት በዚያው ዓመት መድፈኛ ወጥቷል፤ ጥንቃቄው ግን ዛሬም ወጪ የለውም። ኤክስቴንሽን ፓክ የሚባለው ተጨማሪ ለንግድ ሥራ በነፃ የተፈቀደ ስላልሆነ አይጫኑት፤ ከ7.0 ወዲህ ባሉት የቨርቹዋል ቦክስ ዕትሞች የዩኤስቢ 2 እና 3 ድጋፍ በዋናው ፕሮግራም ውስጥ ስላለ አያስፈልግዎትም።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ሰነዱ እንዴት ይታተማል የሚለው ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በውስጡ ማሽን የተከፈተውን ሰነድ ለኅትመት ሲሉ ወደ ዋናው ዊንዶውስ ካሻገሩት የደከሙበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ፕሪንተሩንም ልክ እንደ ፍላሹ በዩኤስቢ ዝርዝር በኩል ለውስጡ ማሽን ይስጡት፤ ሰነዱ ከፍላሹ ወደ ፕሪንተሩ ይሄዳል እንጂ ወደ ዋናው ዊንዶውስ አይገባም። የኤችፒ ሌዘር ፕሪንተሮች በሊነክስ ላይ ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ይሠራሉ፤ ከሌሎቹ ድርጅቶች የሊነክስ ድራይቨር የሌላቸው ሞዴሎች ስላሉ አስቀድመው ይሞክሩት። የጋራ ፎልደር አይፍጠሩ፤ ክሊፕቦርዱንና ፋይል ጎትቶ ማሻገሩን ዲስኤብልድ ያድርጉ፤ የኔትወርክ ካርዱንም ያጥፉት። ሰነድ ለማተም ኢንተርኔት አያስፈልግም።

በመጨረሻ የውስጡን ማሽን ዲስክ ኢሚዩተብል ወደሚባለው ዓይነት ይቀይሩት። ከዚያ በኋላ በቀኑ ውስጥ የተጻፈው ሁሉ ወደ ጊዜያዊ ፋይል ይሄድና ማሽኑ ጠፍቶ እንደገና ሲበራ ይሰረዛል። ልብ ይበሉ፤ የውስጡን ሊነክስ ከራሱ ዝርዝር ሪስታርት ማድረግ አይበቃም፤ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ከቨርቹዋል ቦክስ መነሣት አለበት።

ጠያቂ፦ ኅትመት ቤት

ስለ ዝርዝር ማብራሪያው ከልብ አመሰግናለሁ። ፕሪንተሬ የኤችፒ ሌዘር ጄት ስለሆነ ለውስጡ ማሽን ስሰጠው ሠርቷል። ፍላሾቹም እንዳሉት ሆነው አገኘኋቸው፤ ፋይሌ ጠፋ ያለች ተማሪ ሁሉንም ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ አግኝታለች። ያልተፈታልኝ የሰነዱ አቀማመጥ ነው። በዎርድ የተጻፈውን የመመረቂያ ጽሑፍ በሊነክሱ የጽሕፈት ፕሮግራም በሊብሬ ኦፊስ ስከፍተው ገጾቹ ይገፋፋሉ፤ ማውጫው ላይ ምዕራፍ ሦስት በገጽ 31 ይላል፣ ምዕራፉ ግን ገጽ 33 ላይ ይጀምራል። አንዳንድ የቆዩ የአማርኛ ሰነዶች ደግሞ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ሆነው ይታያሉ።

መልስ፦ ጽሑፍ አቀናባሪ

ሁለቱ ችግሮች መነሻቸው ይለያያል። የቆዩት ሰነዶች ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው የጋራ መለያ) በፊት በነበሩት የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ናቸው። እነዚያ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል በላቲን ፊደልና በምልክቶች ቦታ ላይ ያስቀመጡ ስለሆኑ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የሚታየው ከሥር ያለው ላቲን ነው። ፎንቶቹን ወደ ውስጡ ማሽን ካስገቡ ጽሑፉ ይነበባል።

የገጹ መገፋት ግን በአብዛኛው ኒያላ ከተባለው የአማርኛ ፎንት ጋር የተያያዘ ነው። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር የመጣ ፎንት ሲሆን በሊነክስ ላይ አይገኝም፤ ሊብሬ ኦፊስም በምትኩ አቢሲኒካን ወይም ሌላ የግዕዝ ፎንት ይጠቀማል። የፊደሉ ስፋትና የመስመሩ ቁመት ስለሚለያይ በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ሁለት መስመር ይገፋል፤ መቶ ገጽ ባለው ጽሑፍ ላይ ልዩነቱ ብዙ ይሆናል። ለተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አማካሪው ፈርሞበት የመጣ ጽሑፍ በኅትመት ቤት መለወጥ የለበትም።

ስለዚህ ደንበኞችዎ ሰነዱን በፒዲኤፍ ይዘው እንዲመጡ በማስታወቂያ መለጠፍ የመጀመሪያው መፍትሔ ነው፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ በሊነክስም ያው ነው። በዎርድ ብቻ ለሚመጡት ደግሞ ሁለተኛ የውስጥ ማሽን በዊንዶውስ ያዘጋጁና 4 ጊጋ ባይት ራም ይስጡት፤ ባለዎት 8 ጊጋ ባይት ሁለቱን ማሽኖች በአንድ ጊዜ አያስነሡ። ዊንዶውስም ኦፊስም ለዚህኛው ማሽን የራሳቸው ሕጋዊ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። አክቲቬት ተደርጎ የተዘጋጀ ዊንዶውስ ወይም አክቲቬተር ከማይታወቅ ድረ ገጽ አውርዶ መጫን፣ ቫይረሱን ገና ከመነሻው በማሽኑ ውስጥ ማስቀመጥ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ማሽን ላይ ፍላሹ ውስጥ ያለው ሾርትከትና ስክሪፕት ይሠራል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በሊነክሱ ከፍተው ሰነዱን ብቻ ወደ ራስዎ ባዶ ፍላሽ ይቅዱና በዊንዶውሱ ማሽን የሚከፍቱት ያንን ይሁን። ማክሮንም (በሰነድ ውስጥ ተደብቆ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ከኦፊሱ ማስተካከያ ሙሉ በሙሉ ይዝጉ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2022 ከኢንተርኔት የመጡ ሰነዶችን ማክሮ መዝጋት ጀምሯል፤ ይህ ጥበቃ የሚሠራው ግን ፋይሉ ከኢንተርኔት መምጣቱን የሚያሳይ ምልክት ሲኖረው ነው። አብዛኞቹ ፍላሾች የሚጠቀሙበት ፋት 32 የተባለው የፋይል አቀማመጥ ያንን ምልክት ስለማይዝ በፍላሽ የመጣ ሰነድ ያለ ምልክት ይደርስዎታል።

መልስ፦ ጥንቁቅ

ከላይ በተጻፈው እስማማለሁ፤ ነገር ግን የጋራ ፎልደር አይፍጠሩ የተባለው በአንድ መስመር የሚታለፍ አይመስለኝም። ደንበኛ ተሰልፎ ሲጠብቅ የመጀመሪያው ፈተና "ለአንድ ፋይል ብቻ" ብሎ የጋራ ፎልደር መክፈት ነውና።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ሶፎስ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅት ይፋ ያደረገው የራግናር ሎከር ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ጥቃት ይህን በግልጽ ያሳያል። ወንጀለኞቹ የሰበሩት ኮምፒውተር ላይ ራሳቸው የቆየ የቨርቹዋል ቦክስ ዕትም ጫኑ፤ ከእርሱም ጋር 282 ሜጋ ባይት የሚመዝን የዊንዶውስ ኤክስፒ ማሽን አስቀመጡ። በዚያ ማሽን ውስጥ የነበረው ራንሰምዌር 49 ኪሎ ባይት ብቻ ነበር። ከዚያም የዋናውን ኮምፒውተር ድራይቮች በሙሉ በጋራ ፎልደርነት ለውስጡ ማሽን ሰጡት። ራንሰምዌሩ ከውስጥ ሆኖ በጋራ ፎልደሩ በኩል የድርጅቱን ፋይሎች ሲቆልፍ፣ በዋናው ኮምፒውተር ላይ ያለው አንቲቫይረስ የሚያየው ቨርቹዋል ቦክስ ፋይል ሲጽፍ ብቻ ነበር። በዚያ ጥቃት ከቨርቹዋል ማሽኑ ሰብሮ የወጣ ነገር አልነበረም፤ ፎልደሩ የጋራ ስለነበረ መውጣት አላስፈለገውም።

የኔትወርኩም ነገር እንዲሁ ነው። የውስጡን ማሽን በብሪጅድ ኔትወርክ ካገናኙት ራውተሩ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር ይቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የተሻገረው በዊንዶውስ የፋይል መጋሪያ አገልግሎት ክፍተት በኩል ነው፤ ማንም ምንም መጫን አላስፈለገውም። ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው በዚያው ዓመት በመጋቢት ነበር፤ የተጠቁት ይህን ያልጫኑት ናቸው። እንዲህ ያለ ቫይረስ በውስጡ ማሽን ቢነሣና ዋናው ዊንዶውስ አፕዴት ያልተደረገ ቢሆን፣ ቨርቹዋል ማሽኑ ጎረቤቱን ከማጥቃት አያግደውም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ስላበቃ የዋናውን ኮምፒውተር ጉዳይም ያስቡበት።

ሰብሮ መውጣት ጨርሶ አይቻልም ማለቴ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ቬኖም የተባለው ክፍተት የተገኘው የፍሎፒ ዲስክን በሚያስመስለው ኮድ ውስጥ ሲሆን ቨርቹዋል ቦክስንም ነክቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የቨርቹዋል ቦክስ የኔትወርክ ካርድ ኮድ ላይ ተመሳሳይ ክፍተት ተገኝቷል። ሁለቱም የታዩት የኮምፒውተር ዕቃን በሚያስመስል ኮድ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የማይጠቀሙበትን ዕቃ ሁሉ ከማሽኑ ማስተካከያ ያውጡ። ፍሎፒው፣ ድምፁ፣ የኔትወርክ ካርዱና የ3ዲ ግራፊክሱ ይጥፉ፤ ቨርቹዋል ቦክስ አዲስ ዕትም ባወጣ ቁጥርም ይጫኑ። በተማሪ ፍላሽ የሚዞር ቫይረስ እንዲህ ያለ አቅም ይዞ መምጣቱ የማይጠበቅ ነው።

ከዚህ ይልቅ በየቀኑ የሚያጋጥመው ስህተት፣ ፋይሉን በውስጡ ማሽን ከፍቶ ምንም ስላልታየ ንጹሕ ነው ብሎ ወደ ዋናው መውሰድ ነው። ብዙ ቫይረሶች ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ መሆናቸውን ያውቃሉ። የቨርቹዋል ቦክስ የኔትወርክ ካርድ አድራሻ በ08-00-27 ይጀምራል፤ ዊንዶውስ ከሆነ ደግሞ የቨርቹዋል ቦክስን ስም የያዙ ድራይቨሮች ይገኙበታል። ቫይረሱ እነዚህን ሲያይ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ዋናው ኮምፒውተር ላይ ሲደርስ ሥራውን ይጀምራል።

መልስ፦ ከአትላንታ

ለኅትመት ቤቱ ሳይሆን ይህን ለምታነቡ፣ በተለይ በውጭ አገር ለምትኖሩ ወገኖች አንድ ነገር ልጨምር። ሆን ተብሎ ለአንድ ሰው ተዘጋጅቶ የሚላክ ሰላይ ፕሮግራም በእኛ ማኅበረሰብ ላይ ደርሷል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 ባወጣው ጥናት፣ ከሁለት ወር በፊት በቤልጅየምና በሰሜን ቨርጂኒያ ለሚገኙ የኢሳት ባልደረቦች በስካይፕ የተላኩት ፋይሎች ሰነድ የሚመስሉ ሰላይ ፕሮግራሞች እንደነበሩ አሳይቷል። እንዲህ ያለው ፕሮግራም የሚፈልገው የይለፍ ቃልንና ንግግርን ነው። ኢንተርኔት በተገናኘ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ኢሜይልና ቴሌግራም ከፍታችሁ የማታውቁትን ፋይል እዚያው ከከፈታችሁ፣ ዋናው ኮምፒውተር ቢተርፍም የምትሰውሩት መረጃ ይወሰዳል። አጠራጣሪ ፋይል የሚከፈትበት ማሽን የማንም አካውንት ያልተከፈተበት ይሁን። የባንክ ሥራን ለደኅንነት ሲሉ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ የሚሠሩም አሉ፤ ዋናው ኮምፒውተር ከተበከለ በኪቦርዱ የሚጻፈው ሁሉ በእርሱ በኩል ስለሚያልፍ ይህ አይጠቅማቸውም።

ጠያቂ፦ ኅትመት ቤት

በቴሌግራም የሚመጣውን ፋይል እስካሁን በዋናው ዊንዶውስ ላይ እየከፈትሁ ነበር፤ የውስጡ ማሽን ኔትወርክ ስለሌለው። እርሱንስ እንዴት ላድርገው? በተጨማሪ እኛ ጋ መብራት ሳይታሰብ ይጠፋል፤ ማሽኑ እየሠራ ሳለ ቢጠፋ የውስጡ ሊነክስ አይበላሽም ወይ?

መልስ፦ ሰርቨር ጠባቂ

የዋናው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ፕሮ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ዊንዶውስ ሳንድቦክስ የሚባል አለ፤ ሆም በሚባለው ዕትም ላይ አይገኝም። ሲከፈት አዲስ ዊንዶውስ ይሰጣል፣ ሲዘጋ ሁሉንም ይሰርዛል። ፍላሽን በቀጥታ መቀበል ስለማይችል ለፍላሽ አይሆንም፤ ለቴሌግራም ፋይል ግን ይስማማል። የቴሌግራም ማውረጃ ፎልደሩን ለንባብ ብቻ የሚሰጥና ኔትወርኩን የሚዘጋ የማስተካከያ ፋይል ያዘጋጁለት፤ ሳያስተካክሉት ከተዉት ኔትወርኩም ክሊፕቦርዱም ክፍት ናቸው። ኦፊስ በውስጡ ስለሌለ የሚጠቅምዎ ለፒዲኤፍና ለምስል ነው፤ ኅትመቱ ግን በዋናው ዊንዶውስ በኩል ስለሚያልፍ ለዚህ ሥራ ከሊነክሱ ያነሰ ነው። ዊንዶውሱ ሆም ከሆነ ወይም ሰነዱ የዎርድ ከሆነ፣ ፋይሉን ሳይከፍቱ ለዚሁ በለዩት ፍላሽ ላይ ቀድተው ወደ ሊነክሱ ያስገቡት፤ ቫይረስ በመቀዳት ብቻ አይነሣም።

ስለ መብራቱ፣ ዲስኩን ኢሚዩተብል ካደረጉት ማሽኑ በሚሠራበት ጊዜ ዋናው የዲስክ ፋይል አይጻፍበትም፤ የሚጎዳው የዕለቱ ጊዜያዊ ፋይል ነው፤ እርሱም በሚቀጥለው ሲበራ የሚሰረዝ ነው። የሚያሰጋው የውስጡን ሊነክስ አፕዴት የሚያደርጉበት ሰዓት ነው፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ዲስኩን ወደ መደበኛው ዓይነት መልሰው ኔትወርኩን ለጊዜው ያገናኛሉ። አፕዴቱን በወር አንድ ጊዜ፣ የማንም ፍላሽ ሳይሰካ፣ ዩፒኤስ ካለም በእርሱ ላይ ሆነው ያድርጉት። ከመጀመርዎ በፊት ማሽኑን አጥፍተው የዲስክ ፋይሉን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይቅዱ፤ የሒሳብ መዝገብዎንም አብረው ይቅዱና ሃርድ ዲስኩን ይንቀሉት። ሲጨርሱ ኔትወርኩን ዘግተው ዲስኩን ወደ ኢሚዩተብል ይመልሱት።